የደብዛዛ ሰማያዊ ጉሞች ፎቶግራፍ ታሪክና የወሎ ሰማይ

የታሪክ ትምህርት ሲባል አብዛኛውን ጊዜ ወደ አሳባችን የሚመጣው የነገሥታት፥ የጦር ሜዳና የውል ታሪክ ነው። ይሁን እንጂ ሰዎች አንድን ነገር ለማየት ሲሉ የደከሙት ድካም ራሱን የቻለ ታሪክ አለው። እኛም ለዚህ ለትምህርት ቤታችን የበዓል መታሰቢያ መጽሔት የመረጥነው እንደዚህ ያለውን ነው። ይኸውም ዓይን ሊያያቸው የማይችለውን ደብዛዛ የሰማይ ጉሞች ሰዎች በፎቶግራፍ እንዴት እንደ ያዟቸው፥ በዚህም ሥራ የሙያ ሊቃውንት ያልሆኑ ሰዎች ምን ያህል ድርሻ እንደ ነበራቸው፥ በመጨረሻም ይህ ሁሉ ነገር ከወልድያ፥ ከመርሳና ከሀብሩ ሰማይ ጋራ ምን እንደሚያገናኘው ለማስረዳት ነው። ለአንባቢ እንዲመች፥ «ዓ.ም.» ካልተባለ በቀር ዘመኖቹን የጻፍናቸው በፈረንጆች አቆጣጠር መሆኑን እናስታውቃለን።

ፕላኔታዊ ኔቡላ ምንድን ነው?

ኔቡላ የላቲን ቃል ሲሆን ትርጓሜው ጉም ወይም ደመና ማለት ነው። ፕላኔታዊ ኔቡላ የሚለው ስም ግን አሳሳች ነው፤ ነገሩ ከፕላኔት ጋራ ምንም ዝምድና የለውም። ስሙን ያወጣለት ዊልያም ኸርሸል ነው። ኸርሸል በ1781 ኡራኖስ የተባለችውን ፕላኔት ካገኘ በኋላ ሰማዩን በሙሉ ሲመረምር፥ ክብና ደብዛዛ ሆነው የሚታዩ ነገሮች አጋጠሙት፤ መልካቸው በመነጽሩ ውስጥ ፕላኔትን ስለ መሰለው በ1780ዎቹ ይህን ስም ሰጣቸው። ስሙም ስሕተት መሆኑ ከታወቀ በኋላ እንኳ ሳይለወጥ እስከ ዛሬ ቀርቷል።

ዛሬ እንደሚታወቀው ፕላኔታዊ ኔቡላ የኮከብ መሰናበቻ ነው። ፀሓያችንን የመሰለ ኮከብ በእምብርቱ ያለውን ሃይድሮጂን አቃጥሎ በጨረሰ ጊዜ ያብጣል፥ ይቀላል፥ ግዙፍም ይሆናል። ከዚያም የላይኛውን አካሉን እንደ ልብስ ቀስ በቀስ ወደ ጠፈር ይጥላል። በመካከል የሚቀረው እምብርት እጅግ የጋለ ሲሆን፥ ሙቀቱ በአንዳንዶቹ ከ100,000 ዲግሪ ይበልጣል። ከዚህ እምብርት የሚወጣው ለዓይን የማይታይ ጨረር የተጣለውን ጋዝ ሲመታው ጋዙ ያበራል። እኛ ፕላኔታዊ ኔቡላ ብለን የምናየው ይህን የሚያበራ ልብስ ነው።

ይህ ብርሃን ብዙ አይቆይም። ጋዙ እየሰፋ፥ እየሳሳና እየደበዘዘ ሄዶ በ10,000 ወይም በ20,000 ዓመት ያህል ውስጥ ይበተናል። ፀሓያችን እስካሁን የኖረችው 4.6 ቢሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑን ስናስብ፥ ይህ ጊዜ በአንድ ሽማግሌ ዕድሜ ውስጥ እንደ ጥቂት ሰዓቶች ነው። ስለዚህ በፍኖተ ሐሊብ ውስጥ በመቶ ቢሊዮን የሚቆጠሩ ከዋክብት ሳሉ እስካሁን የታወቁት ፕላኔታዊ ኔቡላዎች ከ3,000 ጥቂት የሚበልጡ ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ገና አልተገኙም፤ ምክንያቱም ያረጁት እጅግ ደብዛዛ ናቸው፥ ወይም በጠፈር አቧራ ተሸፍነዋል።

ይህ ነገር ከእኛ ሕይወት የራቀ አይምሰላችሁ። እንዲህ ያሉት ከዋክብት በውስጣቸው የሠሩትን ካርቦንና ናይትሮጂን ከልብሳቸው ጋራ ወደ ጠፈር ይበትናሉ፤ ከዚያም ብትን አዲስ ከዋክብትና አዲስ ምድሮች ይሠራሉ። በጤፍ ቅንጣትና በእጃችን ሥጋ ውስጥ ያለው ካርቦን ከፊሉ በዚህ መንገድ አልፎ የመጣ ነው።

ዓይን ያየበት ዘመን

ከፕላኔታዊ ኔቡላዎች ሁሉ አስቀድሞ የተገኘውን ያየው ፈረንሳዊው ሻርል ሜስዬ ነው። ቀኑም ሐምሌ 12 ቀን 1764 ነበር። ሜስዬ የሚፈልገው ጅራታም ከዋክብትን ስለ ነበረ፥ ጅራታም ኮከብ የሚመስሉ ነገር ግን ከቦታቸው የማይንቀሳቀሱ ጉሞችን እንዳያሳስቱት ብሎ በመዝገብ ጻፋቸው። ያቺም በመዝገቡ 27ኛ ሆና የተጻፈችው ጉም ዛሬ ደምቤል ኔቡላ ትባላለች። በ1779 ደግሞ የቱሉዝ ሰው የሆነው አንቷን ዳርኪዬ ላይራ በተባለው፥ ክራር ማለት በሆነው የከዋክብት ክፍል ውስጥ የቀለበት ኔቡላን አገኘ።

ከላይ የጠቀስነው ኸርሸል በመጀመሪያ ሙያው ሙዚቀኛ ነበር፤ መነጽሮቹን በገዛ እጁ ይሠራ ነበር፥ እኅቱ ካሮላይንም ትረዳው ነበር። ኅዳር 13 ቀን 1790 በሠውር የከዋክብት ክፍል ውስጥ አንድ ኮከብ በመካከል ሆኖ ዙሪያውን በጉም ተከቦ አየ። ከዚያ በፊት ጉሞች ሁሉ ከርቀት የተነሣ የተቀላቀሉ ከዋክብት ናቸው ብሎ ያስብ ነበር። ይህን ባየ ጊዜ ግን ጉሙ የከዋክብት ክምችት ሳይሆን በእውነት የሚያበራ ስስ ነገር መሆኑን ተረዳ።

የኸርሸልን አሳብ በማስረጃ ያጸናው ዊልያም ሐጊንስ ነው። ሐጊንስ ከጨርቅ ነጋዴ ቤተ ሰብ የተወለደ እንግሊዛዊ ሲሆን፥ ንግዱን ትቶ ለንደን አጠገብ በመኖሪያ ቤቱ የከዋክብት መመልከቻ ሠራ። ነሐሴ 29 ቀን 1864 ብርሃንን በቀለም የሚተነትነውን ስፔክትሮስኮፕ የተባለ መሣሪያ ዘንዶ በተባለው የከዋክብት ክፍል ወዳለው የድመት ዓይን ኔቡላ አቀና። ኮከብ ቢሆን ኖሮ የቀስተ ደመና ቀለም በሙሉ ይታየው ነበር፤ ነገር ግን የታዩት ጥቂት ብሩህ መስመሮች ብቻ ናቸው። ይህም የጋዝ ምልክት ነው። ከመስመሮቹ ዋነኛው አረንጓዴ ሲሆን በምድር ላይ ከሚታወቅ ንጥረ ነገር ጋራ አልስማማ ስላለ፥ ሊቃውንት «ኔቡሊየም» የተባለ አዲስ ንጥረ ነገር ሳይኖር አይቀርም አሉ። በ1927 ግን አይራ ቦዌን የተባለው አሜሪካዊ የፊዚክስ ሊቅ መስመሩ ሁለት ኤሌክትሮን የጎደለው የኦክሲጂን ብርሃን መሆኑን አስረዳ። ጋዙ እጅግ የሳሳ ስለ ሆነ በምድር ቤተ ሙከራ የማይታየው ብርሃን በዚያ ይታያል። ጥያቄው ከተጠየቀ መልሱ እስኪገኝ 63 ዓመት አለፈ።

ፎቶግራፍ ዓይንን የበለጠበት ዘመን

ዳጌር የፎቶግራፍን ጥበብ ለዓለም ያስታወቀው በ1839 ነው። በማግሥቱ ዓመት በ1840 ጆን ዊልያም ድሬፐር ጨረቃን ፎቶግራፍ አነሣ። ለደብዛዛ ጉሞች ግን የዚያ ዘመን መሣሪያ አልበቃም። ቀጥሎ የመጣው የመስተዋት ሰሌዳ እርጥብ ሳለ መነሣት ስለ ነበረበት ከጥቂት ደቂቃ በላይ ሊቆይ አይችልም ነበር። በ1871 ሪቻርድ ማዶክስ የተባለ እንግሊዛዊ ሐኪም ደረቅ ሰሌዳን አስታወቀ፤ እየተሻሻለም ሄዶ ለረጅም ሰዓት ለብርሃን ክፍት ሆኖ መቆየት የሚችል ሆነ።

ከዚህ በኋላ ነገሩ ፈጠነ። የድሬፐር ልጅ ሄንሪ ድሬፐር፥ እርሱም ሐኪም የነበረ፥ መስከረም 30 ቀን 1880 የኦሪዮን ኔቡላን በ51 ደቂቃ ፎቶግራፍ አነሣ፤ ይህ የመጀመሪያው የኔቡላ ፎቶግራፍ ነው። በ1883 እንግሊዛዊው አንድሩ ኤንስሊ ኮመን ያንኑ ኔቡላ ሲያነሣ፥ በዚያው መነጽር ዓይን ያላያቸው ከዋክብት በሰሌዳው ላይ ታዩ። ኮመን የሙያ ሥራው የከተማ ንጽሕና መሐንዲስነት ነበር። በ1886 ደግሞ የሀንጋሪው ዬኖ ጎትሃርድ በገዛ ርስቱ ላይ በሠራው መመልከቻ የቀለበት ኔቡላን ፎቶግራፍ አንሥቶ በመካከሉ ያለውን ኮከብ ቁልጭ አድርጎ አሳየ። ያ ኮከብ ለዓይን እጅግ አስቸጋሪ ነው፤ ብርሃኑ ወደ ሰማያዊና ከሰማያዊም አልፎ ወደማይታየው ጨረር ያዘነበለ ሲሆን፥ ሰሌዳው ግን ለሰማያዊ ብርሃን ንቁ ስለ ነበረ በቀላሉ ያዘው። ይህ ኮከብ ልብሱን የጣለው የአሮጌው ኮከብ እምብርት ነው።

ፎቶግራፍ ዓይንን ሊበልጥ የቻለበት ምክንያት ቀላል ነው። የሰው ዓይን ያየውን ብርሃን አያጠራቅምም፤ አንድ ሰዓት ቢያፈጥጥ በመጀመሪያዎቹ ሰኮንዶች ካየው የሚበልጥ ብዙ አያይም። ሰሌዳው ግን የጣራ ፍሳሽ ጠብታ በጠብታ እንደሚሞላው ገንቦ ነው። ጠብታው ትንሽ ቢሆንም ጊዜ ከተሰጠው ይሞላል።

ከ1949 እስከ 1958 በካሊፎርንያ በፓሎማር ተራራ ላይ ትልቅ የሰማይ ፎቶግራፍ ቅየሳ ተደረገ። ጆርጅ ኤቤል የተባለው ሊቅ በእነዚያ ሰሌዳዎች ላይ ዓይኑን ተክሎ በ1966 የ86 እጅግ ደብዛዛ ጉሞችን ዝርዝር አሳተመ። ከእነርሱ ጥቂቶቹ ፕላኔታዊ ኔቡላ አለመሆናቸው በኋላ ቢታወቅም፥ የኤቤል ዝርዝር ዛሬም ሰማይን በትርፍ ጊዜያቸው ፎቶግራፍ ለሚያነሡ ሰዎች እንደ ፈተና ወረቀት ይቆጠራል።

የትርፍ ጊዜ ሠራተኞች ዛሬ

አንባቢ ምናልባት፥ ትልልቅ መነጽሮችና የጠፈር መንኮራኩሮች ባሉበት በአሁኑ ዘመን ለትንሽ መሣሪያ ምን ቀረለት? ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። መልሱ በቅርቡ ታሪክ ይገኛል።

ሐምሌ 6 ቀን 2008 ዴቭ ጁራሴቪች የተባለ አሜሪካዊ ሲግነስ በተባለችው የከዋክብት ክፍል በ16 ሳንቲ ሜትር መነጽር ፎቶግራፍ ሲያነሣ እንደ ሳሙና አረፋ ፍጹም ክብ የሆነች ስስ ጉም አገኘ። በዚያው ወር ሌሎች ሁለት የትርፍ ጊዜ ተመልካቾች ስለ እርሱ ሳያውቁ ያችኑ አገኙ። ጉሟ የሳሙና አረፋ ኔቡላ ተባለች። ብዙ ሊቃውንት ያንን የሰማይ ክፍል ሲመለከቱት ኖረው ነበር፤ እርሷ ግን ከደብዛዛነቷ የተነሣ አላስተዋሏትም።

በ2011 ደግሞ ማቲያስ ክሮንበርገር የተባለ ኦስትርያዊ ከቤቱ ሳይወጣ፥ ለሕዝብ ክፍት በሆኑ የሰማይ ፎቶግራፍ መዛግብት ውስጥ ፈልጎ ክሮንበርገር 61 የተባለውን ኔቡላ አገኘ፤ ከዚያ በኋላ ትልቁ የጀሚናይ መነጽር ፎቶግራፍ አነሣው። በጥር 2023 ደግሞ ማርሴል ድሬክስለር፥ ሳቪዬ ስትሮትነርና ያን ሴንቲ የተባሉ የትርፍ ጊዜ ተመልካቾች ከሊቃውንት ጋራ ሆነው በአንድሮሜዳ ጋላክሲ አጠገብ የኦክሲጂን ብርሃን ያለው ትልቅ ቅስት መኖሩን አስታወቁ። አንድሮሜዳ እጅግ ብዙ ጊዜ ፎቶግራፍ ከተነሡት የሰማይ ነገሮች አንዱ ነው፤ ቅስቱ የታየው ግን እነርሱ ከመቶ ሰዓት በላይ ብርሃን ስላጠራቀሙ ነው። በኋላ የቀረበ አንድ ጥናት ቅስቱ በእኛው ፍኖተ ሐሊብ ውስጥ ያለ ያረጀ ፕላኔታዊ ኔቡላ ርዝራዥ ሳይሆን አይቀርም ይላል።

ከዚህ የምንረዳው፥ ትልቁ መነጽር ሰዓቱ በብዙ ሊቃውንት የተከፋፈለ ስለ ሆነ ለአንድ ቦታ መቶ ሰዓት ሊሰጥ አይችልም። ትንሹ መሣሪያ ግን ባለቤቱ ከፈቀደ ወር ሙሉ አንዱን ቦታ ሊመለከት ይችላል። የትርፍ ጊዜ ሠራተኛ ሀብቱ ትዕግሥት ነው።

ሥራው እንዴት ይሠራል?

የመጀመሪያው ችግር ምድር መዞሯ ነው። ሰማይ በአንድ ሰዓት 15 ዲግሪ ያህል ወደ ምዕራብ የሚሄድ ስለሚመስል፥ ካሜራው ቆሞ ከቀረ ከዋክብቱ ነጥብ መሆናቸው ቀርቶ ሰረዝ ይሆናሉ። ስለዚህ ካሜራው የተቀመጠበት መሣሪያ ምሰሶው ወደ ሰማይ ዋልታ ተነጣጥሮ፥ በ23 ሰዓት ከ56 ደቂቃ አንድ ጊዜ የሚዞር መሆን አለበት።

ሁለተኛው ችግር የአምፑልና የጨረቃ ብርሃን ነው። ኔቡላው ብርሃኑን የሚሰጠው በጥቂት ቀለሞች ብቻ ነው። የኦክሲጂኑ አረንጓዴ መስመር 500.7 ናኖ ሜትር፥ የሃይድሮጂኑ ቀይ መስመር 656.3 ናኖ ሜትር ላይ ነው። ስለዚህ እነዚህን ብቻ የሚያሳልፍና ሌላውን የሚከለክል ማጣሪያ መስተዋት ከካሜራው ፊት ይደረጋል።

ሦስተኛው ችግር የካሜራው የራሱ ብጥብጥ ነው። ለዚህ መድኃኒቱ ብዙ ፎቶግራፎችን አንሥቶ በኮምፒዩተር መደራረብ ነው። 100 ፎቶግራፎች ሲደረቡ የኔቡላው ብርሃን መቶ እጥፍ ሲያድግ፥ ብጥብጡ የሚያድገው አሥር እጥፍ ብቻ ነው። ስለዚህ ሥዕሉ በአሥር እጥፍ ይጠራል። እዚህ ላይ ሒሳብ ለትዕግሥት ዋጋ ሲከፍል እናያለን።

በአገራችን የሆነው

አገራችን ለሰማይ እንግዳ አይደለችም። አባቶቻችን በባሕረ ሐሳብ የፀሓይንና የጨረቃን አካሄድ እየቈጠሩ በዓላትንና አጽዋማትን ሲወስኑ ኖረዋል። በአቡሻክር መጽሐፍ ሐመል፥ ሠውር፥ ገውዝ እየተባሉ የተቈጠሩት አሥራ ሁለቱ የከዋክብት ክፍሎች የዚህ ዕውቀት ምስክሮች ናቸው። መጽሐፈ ሄኖክም ስለ ብርሃናት የሚናገር ራሱን የቻለ ክፍል አለው፤ መጽሐፉም በሙሉ ተጠብቆ የተገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ከውጭ የመጣው አንቷን ዳባዲ ከ1838 እስከ 1848 በአገራችን እየተዘዋወረ ተራሮችንና ከተማዎችን በመሣሪያ ሲለካ፥ ያለበትን ቦታ የሚያውቀው ፀሓይንና ከዋክብትን በመመልከት ነበር።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ የጂኦፊዚክስ መመልከቻ የተቋቋመው ዓለም አቀፉ የጂኦፊዚክስ ዓመት በተደረገበት በ1957 እና 1958 ጊዜ ሲሆን፥ የመሩትም ካናዳዊው ኢየሱሳዊ መነኵሴ አባ ፒየር ጉዌን ነበሩ። በ1960ዎቹ ደግሞ የአሜሪካው ስሚዝሶንያን የከዋክብት ጥናት ተቋም በዓለም ላይ ካቆማቸው አሥራ ሁለት የቤከር-ነን ካሜራዎች አንዱ ከኢራን ከሺራዝ ወደ ደብረ ዘይት ተዛውሮ ነበር። ሥራው ሰው ሠራሽ ጨረቃዎችን መከታተል ሲሆን፥ የሌንሱ ስፋት 50 ሳንቲ ሜትር ያህል ነበር። እንግዲህ በኢትዮጵያ ምድር ላይ ደብዛዛ የሰማይ ነገሮችን በፊልም መያዝ አዲስ ነገር አይደለም፤ ነገር ግን ያ ካሜራ የእኛ አልነበረም፥ ጊዜው ሲያበቃም ቀረ።

በ2004 የኢትዮጵያ የስፔስ ሳይንስ ማኅበር ተመሠረተ። በ2015 በእንጦጦ ተራራ፥ ከባሕር ጠለል በላይ በ3,200 ሜትር ገደማ፥ እያንዳንዳቸው የአንድ ሜትር መስተዋት ያላቸው ሁለት መነጽሮች ያሉት መመልከቻ ተከፈተ። ለዚህ ሥራ ገንዘቡን የሰጡት በወልድያ ያደጉት ሼህ መሐመድ ሁሴን አል-አሙዲ ናቸው፤ በ2017 በወልድያ የተመረቀውን ስታዲየም ያሠሩትም እርሳቸው መሆናቸው በአካባቢያችን የታወቀ ነው። የእንጦጦ ችግር የአዲስ አበባ መብራትና የክረምቱ ደመና ነው። ከዚህም የተነሣ የማኅበሩ ሰዎች ከከተማ ብርሃን ርቆ በላሊበላ ዙሪያ ባሉት ተራሮች የበለጠ ኃይለኛ መመልከቻ የመሥራት አሳብ እንዳላቸው በዚያው ጊዜ ተናግረዋል። በላስታ ያለው የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር በላይ ከፍታ አለው።

ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. የኢትዮጵያ የመጀመሪያ ሰው ሠራሽ ጨረቃ ከቻይና ምድር ተወነጨፈች። በዚያው ወር ዓለም አቀፉ የከዋክብት ጥናት ማኅበር በአንድሮሜዳ ክፍል ያለውን አንድ ኮከብ «ቡና»፥ በእርሱ ዙሪያ የምትዞረውን ፕላኔት «አቦል» ብሎ ኢትዮጵያውያን በመረጡት ስም ጠራ። ሰኔ 14 ቀን 2012 ዓ.ም. ጠዋት ደግሞ በላሊበላ ፀሓይ በጨረቃ ተጋርዳ እንደ እሳት ቀለበት ታየች፤ ብዙ የአገራችን ሰዎችም በዚያ ቀን ወደ ሰማይ ተመለከቱ።

የወልድያ፥ የመርሳና የሀብሩ ሰማይ

አሁን ወደ አገራችን ሰማይ እንመለስ። ወልድያና መርሳ ከምድር ወገብ በስተ ሰሜን 12 ዲግሪ ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ይገኛሉ። ይህ ለሰማይ ፎቶግራፍ ታላቅ ሀብት ነው፤ ምክንያቱም የሰሜኑም የደቡቡም ሰማይ አብዛኛው ክፍል ይታየናል። የቀለበት ኔቡላ ከራሳችን በላይ በስተ ሰሜን 69 ዲግሪ ያህል ከፍ ይላል። በደለዊ ክፍል ያለው፥ 650 የብርሃን ዓመት ገደማ የሚርቀውና ስፋቱ የሙሉ ጨረቃን ግማሽ የሚያህለው ሄሊክስ ኔቡላ በእኛ ዘንድ 57 ዲግሪ ሲወጣ፥ በለንደን 18 ዲግሪ አይሞላም። የጄምስ ዌብ የጠፈር መነጽር በሐምሌ 2022 ካሳያቸው የመጀመሪያ ሥዕሎች አንዱ የሆነው የደቡብ ቀለበት ኔቡላ በለንደን ከቶ ከአድማስ አይወጣም፤ በመርሳ ግን በመጋቢት መጨረሻ ምሽት 38 ዲግሪ ከፍ ብሎ ይቆማል።

ነገር ግን ሀብቱ ከችግር ጋራ ነው። የሰሜን ኮከብ ከፍታ ከቦታው ዲግሪ ጋራ እኩል ስለ ሆነ፥ በእኛ ዘንድ ከአድማስ 12 ዲግሪ ያህል ብቻ ነው፤ ይህም ክንድን ዘርግቶ ጭብጥ ሲለኩ ከአንድ ጭብጥ ጥቂት የሚበልጥ ነው። በሰሜን በኩል ኮረብታ ካለ ይሸፈናል፥ ያን ጊዜም የካሜራውን ምሰሶ ማነጣጠር አስቸጋሪ ይሆናል። ስለዚህ ቦታ ሲመረጥ በስተ ሰሜን ግልጽ የሆነ ሜዳ መፈለግ ይገባል። በስተ ምዕራብ ወደ ደጋው የሚወጣው ተራራ ሰማዩን ስለሚቈርጥ፥ በስተ ምሥራቅ ወደ አፋር የሚወርደው የሀብሩ ቆላ የተሻለ ነው።

ሁለተኛው ችግር ክረምት ነው። የቀለበትና የደምቤል ኔቡላዎች በምሽት ከፍ ብለው የሚታዩት በሐምሌና በነሐሴ ሲሆን፥ ያን ጊዜ ሰማያችን በደመና ተዘግቷል። የአውሮፓና የአሜሪካ መጻሕፍት ግን እነዚህን የበጋ ኔቡላዎች ይሏቸዋል። የእኛ ተማሪ መጽሐፉን እንዳለ ቢከተል በዝናብ ይቀመጣል። ለእኛ የሚስማማው መስቀል ካለፈ በኋላ ነው፤ በጥቅምት ምሽት ሁለቱም ገና በምዕራብ ከፍ ብለው ሳሉ፥ ሄሊክስ ደግሞ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ ከፍታው ላይ ይደርሳል። ስለዚህ ለወሎ የሚሆን የሰማይ መቁጠሪያ በወሎ ልጆች መዘጋጀት አለበት፤ ሌላ ሰው አያዘጋጅልንም።

ሦስተኛው የመሣሪያ ጉዳይ ነው። ውድ የሆነው ሁሉ ባይገኝም መነሻ አለ። ደምቤል ኔቡላ በሁለት ዓይን መነጽር በጨለማ ሰማይ ይታያል። ካሜራን ከሰማይ ጋራ ለማዞርም በማንኛውም የእንጨት ሥራ ቤት ሊሠራ የሚችል ዘዴ አለ። ሁለት ሳንቃዎች በማጠፊያ ይያያዛሉ፤ ማጠፊያው ወደ ሰማይ ዋልታ ይነጣጠራል፤ ከማጠፊያው 22.9 ሳንቲ ሜትር ርቆ ጥርሱ በአንድ ዙር አንድ ሚሊ ሜትር የሚሄድ ብሎን ይገባል። ብሎኑ በደቂቃ አንድ ጊዜ ሲዞር ሳንቃው ከሰማይ ጋራ እኩል ይከፈታል። በእኛ አገር ማጠፊያው ሊተኛ ጥቂት የቀረው መሆን አለበት፤ ከፍታው 12 ዲግሪ ብቻ ነውና። በዚህ ዘዴ በአጭር ሌንስ የጥቂት ደቂቃ ፎቶግራፍ ማንሣት ይቻላል። ካሜራ ያጣም ክሮንበርገር እንዳደረገው ለሕዝብ ክፍት የሆኑትን መዛግብት ሊመረምር ይችላል።

ጨለማና ሰላም

አንዳንድ ሰዎች ይህ ሁሉ እንጀራ አይሆንም ይላሉ። ልክ ናቸው፤ ኔቡላ አያበላም። ነገር ግን ሐጊንስ የጠየቀው ጥያቄ ቦዌንን ስለ አቶም የማይታወቅ ነገር አስተምሮታል፤ ደብዛዛ ብርሃንን የመያዝ ጥበብም ዛሬ ለሐኪሙም ለገበሬውም የሚያገለግሉ ካሜራዎችን አሻሽሏል። በአገር ውስጥ መለካት፥ መቁጠርና መታገሥ የለመደ ወጣት ከሌለ፥ በአቡነ ዮሴፍ ላይ ነገ መመልከቻ ቢሠራ እንኳ ቁልፉን የሚይዘው እንግዳ ይሆናል። የደብረ ዘይቱ ካሜራ ታሪክ ይህን ያስተምረናል።

ሌላም የምንለው አለ። ጦርነቱ በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ወልድያ ደርሶ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. በቆየበት ጊዜ የመብራት ኃይል ተቋርጦ ነበር። ያን ጊዜ ሰማያችን ከመቼውም ይልቅ ጨለማ ነበር፤ ፍኖተ ሐሊብም ከመቼውም ይልቅ ጎልቶ ይታይ ነበር። ሆኖም ቀና ብሎ የሚያየው አልነበረም፤ ሰው ሁሉ የሚሰማው የምድሩን ድምፅ ነበር። መቶ ሰዓት ብርሃን ለማጠራቀም ከሌንስና ከብሎን በፊት የሚያስፈልገው፥ ወጣቶች በሌሊት ሜዳ ላይ ያለ ፍርሃት ተቀምጠው የሚያድሩበት ሰላም ነው። እኛ የምንመኘው መብራት የሌለበትን ጨለማ አይደለም። በየቤቱ መብራት እንዲኖር፥ የመንገዱም አምፑል ወደ ምድር እንጂ ወደ ሰማይ እንዳያበራ ክዳን እንዲደረግለት እንመኛለን። ክዳኑ ዋጋው ትንሽ ነው፥ ብርሃንም አያባክንም።

ስለዚህ ከእኛ በኋላ የሚመጡ ተማሪዎች በትምህርት ቤታችን የሰማይ ተመልካቾች ክበብ እንዲያቋቁሙ፥ የወልድያ ዩኒቨርሲቲ የፊዚክስ መምህራንም እንዲረዷቸው በአክብሮት እናሳስባለን። መጀመሪያ የሚሠሩት ሥራ ከመስከረም እስከ ግንቦት የትኛው ኔቡላ ከመርሳ በየትኛው ሰዓት ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚያሳይ ሰንጠረዥ ይሁን። ሁለተኛው ሳንቃና ብሎን ነው። ሦስተኛው የጥቅምት ሌሊት ነው። ከዚያ በኋላ ፎቶግራፉ ቢደበዝዝም፥ በዚህ መጽሔት በሚመጣው እትም ይውጣ።